የማማሰል ዋጋ

በካፋ፣ በሸካና በቤንች አገር የቡላ ገንፎ ያገነፋ ሰው ክንዱ የሚያውቀው ነገር አለ። ውሃው ብቻውን ሲፈላ ማማሰያው በሁለት ጣት ይዞራል። ቡላው ሲገባበት መዳፍ ይጠይቃል፣ ጠጠር ሲል ክንድ፣ ሊበስል ሲቃረብ ደግሞ ትከሻና ወገብ። ያን ጊዜ የሚይዘው ሌላ ሰው ካልተገኘ ድስቱ ከማማሰያው ጋር አብሮ ይዞራል። እንጨቱ ያው እንጨት ነው፣ ድስቱም ያው ድስት፤ የሚዞርበት ፍጥነትማ እንዲያውም ቀንሷል። የተለወጠው በመካከል ያለው ነገር ነው። ፈሳሽን ማዞር ጉልበት ይበላል። ምን ያህል እንደሚበላ ከክንድ ወደ ወረቀት እስኪወርድ መቶ ዓመት ፈጀ፤ ከወረቀቱ ተነስቶ ወደ ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ የቡና ማጠቢያ ጣቢያዎች እስኪደርስ ደግሞ ሌላ ግማሽ ምዕተ ዓመት።

ታሪኩ ሲጀመር በሚዛን ተፈሪና በቴፒ ዙሪያ ቡናና ውሃ የሚገናኙት ጀበና ውስጥ፣ ወይም የቡና ቅጠል በሚፈላበት ማሰሮ ውስጥ ብቻ ነበር። ከጫካ የተለቀመው ቀይ ፍሬ ደጅ ላይ ይሰጣል፣ ደርቆ ጀንፈል ይሆናል፣ ጀንፈሉ በሙቀጫና በዘነዘና ይወቀጣል፣ ገለባው በሰፌድ ይበጠራል። ጉልበቱ የሰው ነው፤ ማድረቁ የፀሐይ። ፀሐይ ግን እዚህ ምድር ላይ እንደ ሐረር ቸር አይደለችም። ከኢትዮጵያ ዝናብ የሚበዛበት አገር ይህ ነው፤ ፍሬው በሚቀላበት ወቅትም ሰማዩ ገና አይጠራም። ስጡ ላይ ዝናብ የመታው ቡና ይሻግታል፣ ሻጋታውም በሲኒ ይታወቃል። ቡናን በውሃ የማሰናዳት ነገር በኋላ ሲመጣ እዚህ ትርጉም ያገኘው በዚህ ምክንያት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ (ከዚህ ወዲህ የማነሳቸው ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)፣ እንግሊዝ አገር፣ ማንችስተር አጠገብ፣ ጀምስ ፕሬስኮት ጁል የሚባል የሳልፎርድ ተወላጅ፣ የቢራ ጠማቂ ልጅ፣ ውሃ ማማሰል ያዘ። የመዳብ ዕቃ ውሃ ሞላ። መሐሉ ላይ ከነሐስ የተሠራ መቅዘፊያ አቆመ። በመቅዘፊያው ላይ ስምንት ረድፍ ክንፍ ነበር። ከዕቃው ግድግዳ ጋር ደግሞ አራት ረድፍ የማይንቀሳቀስ ክንፍ አሰረ፤ የሚዞሩት በቆሙት መካከል ያልፋሉ። መቅዘፊያውን የሚያዞረው ሰው ሳይሆን በገመድ ተንጠልጥሎ ቀስ እያለ የሚወርድ ክብደት ነው። ክብደቱ 160 ሴንቲ ሜትር ያህል ይወርዳል፣ ይጠቀለላል፣ እንደገና ይወርዳል። ጁል ይህን 20 ጊዜ እየደጋገመ ቴርሞሜትሩን አነበበ። ከዚያ ሁሉ ልፋት በኋላ የውሃው ሙቀት የጨመረው ግማሽ ዲግሪ ፋራናይት ገደማ ነበር።

ስለ ቆሙት ክንፎች ትንሽ ልቆይ። እነሱ ባይኖሩ ውሃው ከመቅዘፊያው ጋር ተስማምቶ አብሮ ይሽከረከር ነበር፤ ያዥ ያጣው የገንፎ ድስት እንደሚያደርገው ማለት ነው። አብሮ የሚዞር ፈሳሽ አይማሰልም፣ ጉልበትም አይቀበልም። የቆመው ክንፍ ውሃውን ይሰብረዋል፤ የወረደው ክብደት ጉልበትም ሙሉ በሙሉ ወደ ሙቀት ይለወጣል። ዛሬም በፋብሪካ ማማሰያ ጋኖች ውስጠኛ ግድግዳ ላይ የሚበየዱት ቀጥ ያሉ ብረቶች ሥራቸው ይኸው ነው።

ጁል በ1850 ያሳተመው ውጤት አንድ ፓውንድ ውሃን በአንድ ዲግሪ ፋራናይት ለማሞቅ 772 ፓውንድ ክብደት አንድ ጫማ መውረድ አለበት የሚል ነው። እሱ የፈለገው የሙቀትን ምንነት ነበር፣ ያገኘውም እሱን ነው። እኔን የሚገርመኝ ግን መሣሪያው ነው፤ ፈሳሽ ማማሰል የሚጠይቀውን ጉልበት በጥንቃቄ ከለኩት የመጀመሪያዎቹ አንዱ ሆነ፣ የለካውም ክብደቱ ስንት እንደወረደ በማየት ነው።

ከሠላሳ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ1883፣ እዚያው ማንችስተር ኦስቦርን ሬይኖልድስ በብርጭቆ ቱቦ በሚፈስ ውሃ ውስጥ የቀለም ክር ለቀቀ። ውሃው በዝግታ ሲፈስ ክሩ ሳይበጠስ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ ፍጥነቱ ሲጨምር ክሩ ድንገት ተበጣጥሶ ቱቦውን ሙሉ ያቀልመዋል። ክሩ የሚበጠስበት ወሰን በፍሰቱ ፍጥነት፣ በቱቦው ስፋት፣ በፈሳሹ ክብደትና ውፍረት አንድ ላይ እንደሚወሰን አሳየ። ገንፎና ውሃ ሁለት ዓለም መሆናቸው ያኔ ቁጥር አገኘ፤ የሬይኖልድስ ቁጥር ይባላል። በአንደኛው ዓለም ማማሰያውን የሚይዘው የፈሳሹ ውፍረት ነው፤ በሌላኛው ከመንገድ የሚገፋው የፈሳሽ ክብደት።

እስከ 1930ዎቹ ድረስ ግን የኬሚካል ፋብሪካዎች ለማማሰያ ጋን ሞተር የሚገዙት በግምት ነበር። ሞተሩ ካነሰ ይቃጠላል፣ ከበዛ ገንዘብ ይባክናል። በ1934 ኋይትና ብሬነር የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን የማማሰያን ጉልበት ከሬይኖልድስ ቁጥር ጋር አያያዙ፤ የአንድ ትንሽ ጋን ልኬት ስለ ትልቁ ጋን መናገር የቻለው ከዚያ ወዲህ ነው።

ሁለት ዓመት አልፎ፣ በ1936፣ ከዚህ ሁሉ ጋር የሚገናኝ የማይመስል ነገር በእኛ አገር ሆነ። በማጂ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ሪቻርድ ዋሊ ከጌሻ አካባቢ የቡና ዘር ሰብስቦ ወደ ኬንያ ላከ። ዘሩ ከአገር አገር ሲዘዋወር ቆይቶ በ1953 ኮስታሪካ ደረሰ፣ ከዚያም ፓናማ ገባ። በ2004 በፓናማ ውድድር ስሙ ሲጠራ ዓለም ጌሻን እንደ አዲስ ነገር አየው። ይህን እዚህ ያነሳሁት የዘሩ መንገድ ወደ ላቲን አሜሪካ በመሆኑ ነው። ከዚያው አህጉር ደግሞ ከዓመታት በኋላ አንድ ማሽን ወደ እኛ መጥቷል።

የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ፔኒሲሊን በትላልቅ ጋኖች እንዲመረት አስገደደ፤ ሻጋታው አየር እንዲያገኝ ጋኑ ሌት ተቀን መማሰል ነበረበት። የማማሰል ጉልበት የሕይወትና የሞት ጉዳይ ሆነ ማለት ይቻላል። በ1950 ጆን ሄንሪ ረሽተን ከኮስቲችና ከኤቨሬት ጋር ሆኖ ዛሬም በየዩኒቨርሲቲው የሚጠቀሰውን ጥናት አሳተመ። ኢምፔለር የሚባለውን ክንፍ ያለው ሽክርክሪት በየዓይነቱና በየመጠኑ እያዞሩ ጉልበቱን ለኩ። ለእያንዳንዱ ቅርጽ አንድ ቁጥር ወጣለት፤ የጉልበት ቁጥር ይባላል። በረሽተን ስም ለሚጠራው ስድስት ክንፍ ላለው ዲስክ፣ ግድግዳው ላይ የቆሙ ብረቶች ባሉት ጋን ውስጥ፣ ቁጥሩ 5 አካባቢ ነው።

ሕጉ በቃል ሲነገር እንዲህ ነው፦ እንደ ውሃ በሚናወጥ ፈሳሽ ውስጥ ጉልበቱ ከፍጥነቱ ሦስተኛ ርቢ ጋርና ከክንፉ ስፋት አምስተኛ ርቢ ጋር ያድጋል። ቃሉ ደረቅ ነው፤ በቁጥር ሲታይ ግን ያስደነግጣል። 30 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ዲስክ በደቂቃ 100 ዙር ውሃ ውስጥ ቢዞር የሚፈልገው 56 ዋት ገደማ ነው፣ አንድ አምፖል እንደሚፈልገው። 200 ዙር ቢሆን 450 ዋት። 400 ዙር ቢሆን 3,600 ዋት፤ የእንጀራ ምጣድ ከሚበላው የማይተናነስ። ፍጥነቱ አራት እጥፍ፣ ዋጋው 64 እጥፍ። አንድ መካኒክ ፑሌ ቀይሮ የፓምፑን ፍጥነት በ10 በመቶ ብቻ ቢጨምር ሞተሩ ላይ የሚጭነው 33 በመቶ ተጨማሪ ሸክም ነው። የውሃ ፓምፕ ሆዱ ውስጥ የሚዞረውም ኢምፔለር ስለሆነ ሕጉ ለእሱም ይሠራል።

ገንፎ ግን ለዚህ ሕግ አይገዛም፤ ዝልግልግ ነገር ሁሉ አይገዛም። በ1957 አርተር ሜትዝነርና ኦቶ በአሜሪካ ደላዌር ያሳተሙት ጥናት ለዚህ ዓይነቱ ፈሳሽ ነበር። ሲገፉት የሚላላ፣ ሲተዉት የሚጠነክር ፈሳሽ አለ። ውፍረቱ አንድ ቁጥር አይደለም፤ በሚማሰልበት ፍጥነት ይለዋወጣል። ሁለቱ ሰዎች መላ ዘየዱ፦ በክንፉ አጠገብ ያለው ፈሳሽ የሚገፋበት ፍጥነት ከክንፉ ዙር ጋር በቀጥታ ይያያዛል ብለው ወሰዱ፤ ልኬቱም ደገፋቸው። እንዲህ ያለውን ፈሳሽ በፍጥነት ማማሰል ከሚፈራው ያነሰ ጉልበት ይጠይቃል፤ ፈጥኖ የሚዞረው ክንፍ ፈሳሹን ራሱ ያላላዋልና። የቡና ፍሬ ቅርፊቱ ሲላቀቅ እጅ ላይ የሚያሟልጨው ሙጫ ሜትዝነርና ኦቶ ያጠኑት ዓይነት ፈሳሽ ነው።

የታጠበ ቡና በደቡብ ምዕራቡ መስፋፋት የጀመረው ዘግየት ብሎ ነው። ከ1970ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በአውሮፓ የጋራ ማኅበረሰብ ድጋፍ የቡና ማሻሻያ ፕሮጀክት ተካሄደ። በደርግ ዘመን ቴፒና በበቃ ግዙፍ የመንግሥት የቡና እርሻዎች ሆኑ፤ በበቃ ብቻውን ወደ 10 ሺህ ሄክታር ይዞታ ነበረው። ወንዝ ዳር መፈልፈያዎች ተተከሉ፤ ከስኮትላንድ አበርዲን የመጣ፣ በማኪነን ኩባንያ የተሠራ የመፈልፈያ ዲስክ፣ የናፍጣ ሞተር፣ ቺንጋ፣ የሲሚንቶ ገንዳ፣ ረጅም የማጠቢያ ቦይ።

አሠራሩ እንዲህ ነበር፤ በብዙ ቦታ አሁንም ነው። ማታ የመጣው እሸት ቡና ይፈለፈላል። ፍሬው ከነሙጫው ገንዳ ውስጥ ይከተትና ይብላላል። ቆላ ቀመስ በሆነው በቴፒና በበቃ ሙቀቱ ያፋጥነዋል፤ ደጋ ላይ ሁለትና ሦስት ቀን ይፈጃል። ጠባቂው እጁን ገንዳው ውስጥ ይሰድና እፍኝ ቡና አውጥቶ ያሻል። የሚያንሸራትት ከሆነ አልደረሰም። እንደ ጠጠር ከተንኳኳ ደርሷል። ከዚያ ሠራተኞች በእንጨት መቅዘፊያ እየገፉ ቦዩ ውስጥ ያጥቡታል። ሙጫውን የሚያላቅቀው ማንም ያልከፈለው ረቂቅ ተሕዋስ ነው፤ የሚያጥበው ማንም ያልከፈለው ወንዝ።

ያልተከፈለ የሚመስለው ግን ተከፍሎበታል። በዚህ መንገድ አንድ ኪሎ ደረቅ ፐርችመንት፣ ማለትም ታጥቦ የደረቀ ግን ስስ ገለባው ገና ያልወጣለት ቡና፣ ለማውጣት 40 ሊትር ያህል ውሃ ይሄዳል። በአንድ ሌሊት 20,000 ኪሎ እሸት የሚቀበል ጣቢያ እናስብ። አምስት ኪሎ እሸት አንድ ኪሎ ፐርችመንት ቢወጣው 4,000 ኪሎ ነው፤ ውሃው 160,000 ሊትር። ወንዙ ከገንዳው 20 ሜትር ዝቅ ቢል ያን ውሃ ወደ ላይ ለማንሳት በስሌት ብቻ 9 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ያስፈልጋል፤ ፓምፑ የሚያባክነው ሲጨመር እጥፉ። በናፍጣ ስድስት ሊትር ገደማ መሆኑ ነው፣ ያውም መፈልፈያው ሳይቆጠር። ወንዙ ከላይ ወርዶ ወደ ገንዳው በራሱ የሚፈስባቸው ጣቢያዎች ይህን አይከፍሉም፤ የቀሩት በየሌሊቱ ይከፍላሉ።

በነገራችን ላይ ውሃ ኢምፔለርን የሚያዞርበትም አለ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ኢሉባቦር ውስጥ ሶር 5 ሜጋ ዋት፣ ሚዛን ተፈሪ አቅራቢያ ደግሞ ደምቢ 800 ኪሎ ዋት የሚያመነጩ ጣቢያዎች ሥራ ጀመሩ። 800 ኪሎ ዋት ለከተማ መብራት ደስ የሚል ነው፤ በቡና ወቅት ግን ሁሉም መፈልፈያ ሞተሩን አንድ ላይ በማታ ቢያስነሳ በቶሎ የሚያልቅ መጠን ነው። ጫካው ውስጥ ያሉት ጣቢያዎች ታሪክ የናፍጣ ታሪክ ሆኖ የቀረውም ለዚህ ነው።

በእነዚያው ዓመታት ኮሎምቢያ ውስጥ ቺንቺና በሚባል ቦታ፣ በ1938 የተመሠረተው ሴኒካፌ የሚባል የቡና ምርምር ማዕከል ወንዞቹ በቡና እጣቢ መሞታቸው አስጨነቀው። የማዕከሉ ካርሎስ ኦሊቬሮስ ከአሜሪካው የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ሰንዳራም ጉናሴካራን ጋር በ1994 የቡና ሙጫን የአፈሳሰስ ጠባይ ለክተው አሳተሙ። ሙጫው ሲገፉት የሚላላ ሆኖ ተገኘ። ያ ልኬት ያስፈለገው ለንድፈ ሐሳብ ሳይሆን ለሞተር ነበር፦ ሙጫውን በተሕዋስ ፈንታ በማማሰል ብንልጠው ስንት ጉልበት እንከፍላለን?

በ1990ዎቹ አጋማሽ መልሱ ማሽን ሆኖ ወጣ። የሴኒካፌው ጎንዛሎ ሮአና ባልደረቦቹ ዴስሊም ያሉት መላጫ ቀጥ ብሎ የቆመ ሲሊንደር ነው። መካከሉ ላይ ጥርስ ያለው ዘንግ በደቂቃ በመቶዎች ዙር ይሽከረከራል። የተፈለፈለው ቡና ከታች ይገባል፣ እየታሸ ወደ ላይ ይገፋል፣ ትንሽ ውሃ ይረጭበታል። ሙጫው ዙሪያውን ባለው ቀዳዳማ ቆርቆሮ ይወጣል፤ ፍሬው ከላይ ንጹሕ ሆኖ ይወርዳል። ቀናት የሚፈጀው መብላላት ወደ ደቂቃዎች ወረደ። ለአንድ ኪሎ ደረቅ ፐርችመንት የሚሄደው ውሃ ከአንድ ሊትር በታች ሆነ። 40 የነበረው አንድ እንኳ ሳይሞላ ቀረ! ይህን ያደረገው ማማሰል ነው፤ ፍሬው ፍሬን የሚያሽበት፣ ጥርሱ ሙጫውን እየቀደደ የሚያላላበት ማማሰል።

እዚህ ላይ የሕጉ ጥቅም ይታየኛል። ዘንጉ ከዘገየ ሙጫው አይላላም፣ ቡናው ሙልጭልጭ እንዳለ ይወጣል። ከፈጠነ ፐርችመንቱ ይላጣል፣ ናፍጣውም በከንቱ ይነዳል። ውሃው ከበዛ ፍሬዎቹ ይራራቃሉ፣ መተሻሸታቸው ይቀንሳል። ትክክለኛው መሐል ላይ ያለ ጠባብ ቦታ ነው፤ ያን ቦታ ያገኙት በመለካት ነው።

መለካት እኛ ዘንድም ተጀምሮ ነበር። በ2008 ዓለማየሁ ሃዲስና ራኒ ዴቪ ከጅማ ዩኒቨርሲቲ የቡና ማጠቢያ እጣቢ በአካባቢው ወንዝና በሰዎች ጤና ላይ ያደረሰውን አሳተሙ። ወንዙ ጠቁሮ፣ ከታች የሚኖረው ሰው ተቸግሮ ነበር። ከላይ ማንም ያልከፈለው የመሰለውን ዋጋ ይከፍሉ የነበሩት እነዚህ ሰዎች ናቸው፤ ይህን ሳስብ ሁልጊዜ ያመኛል።

በዚሁ ጊዜ አካባቢ ቴክኖሰርቭ የተባለ ድርጅት በቢልና ሜሊንዳ ጌትስ ፋውንዴሽን ገንዘብ በምዕራብና በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ከገበሬ ማኅበራት ጋር መሥራት ጀመረ። የመጡት መፈልፈያዎች ከኮሎምቢያ ቡካራማንጋ የፔናጎስ ኩባንያ ሥሪት ናቸው፤ መፈልፈያውና መላጫው በአንድ ብረት ላይ ተጣምረው። በአጋሮ ዙሪያ ገበሬው ቡናውን በደረቁ ሸጦ ርካሽ በሆነው የጅማ 5 ደረጃ ሲቆጠርበት ኖሯል። በ2010 የተቋቋመው የዱሮሚና ማኅበር በእነዚህ ማሽኖች ያሰናዳው ቡና በ2012 በአፍሪካ የቡና ውድድር አንደኛ ወጣ። ሁለት ዓመት! ዛፉ ያው ዛፍ ነው፣ ገበሬውም ያው ገበሬ። የተጨመረው የበሰለውን ብቻ መልቀም፣ ንጹሕ ውሃና በልኩ የሚዞር ብረት ነው።

አንዳንድ ቀማሾች በማሽን የተላጠ ቡና በገንዳ የተብላላውን ያህል ጣዕም የለውም ይላሉ። ጣቢያዎቹም መልስ አላቸው፤ ከማሽኑ የወጣውን ፍሬ ሌሊቱን በንጹሕ ውሃ ይዘፈዝፉታል። እኔ በበኩሌ የወንዙን ጣዕም አስቀድማለሁ።

የማሽኑ ችግር ሌላ ነው። በድሮው ገንዳ ሞተሩ ሌሊት ቢቆም የተፈለፈለው ቡና መብላላቱን አይተውም። በመላጫው ሞተሩ ከቆመ ሁሉም ነገር ይቆማል። ሲሊንደሩ ውስጥ የቀረው ሙጫ እንደ ተተወ ገንፎ ይጠነክራል፤ እንደገና ለማስነሳት ከሁሉ የበለጠ ጉልበት ይጠይቃል። ኦፕሬተሮች ያኔ ሞተሩን አስገድደው አያስነሱም። ቺንጋውን ያላቅቃሉ፣ ሲሊንደሩን ይከፍታሉ፣ በእጃቸው ያወጡታል፤ ምሽቱን ጭነት አራግፎ የሚጠብቀው ገበሬ ፋኖስ ይይዝላቸዋል።

በጥቅምት ሌሊት ቴፒ ዙሪያ ጫካ ውስጥ መንገድ ስትጠርግ የምታልፍ ዝናብ አለች። ከጣቢያው ጣሪያ ሥር ያለው ኦፕሬተር የሞተሩን ሸክም የሚያሳይ መለኪያ የለውም። እጁን የእሸት ማስገቢያዋ በር ላይ አድርጎ ሞተሩን ያዳምጣል። ድምፁ ሲወፍር በሩን አንድ ጣት ያህል ያጠባል፤ ሲቀጥን ይከፍታል። ከመላጫው አፍ የሚወርደውን ፍሬ በመዳፉ ይቀበልና ያሻዋል። ተንኳኳ። በሩን ትንሽ ከፈተ።

ሊነጋጋ ሲል ሞተሩ ይጠፋል፣ ጆሮ ውስጥ የሚቀረው የወንዙ ድምፅ ብቻ ይሆናል። የዕቃ ግምጃ ቤቱ ኃላፊ አንድ ረጅም ዘንግ ይዞ ይመጣል። ዘንጉ ላይ በቢላ የተጫሩ መስመሮች አሉ። የናፍጣውን በርሜል ክዳን ይከፍትና ዘንጉን እስከ ታች ይሰደዋል፣ ያወጣዋል፣ እርጥቡ የት ላይ እንደቆመ ወደ ብርሃን አዙሮ ያያል። ማታ ከቆመበት ስንት መስመር እንደወረደ ይቆጥርና ደብተሩ ላይ ይጽፋል፤ በጎኑ ሌሊቱን የገባው ቡና ስንት ኪሎ እንደነበር።